ባሕር የለንም እንጂ ዝናባችን የባሕር ነው
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ክረምት ትንበያ ስናወራ መሃል ላይ «ፓሲፊክ ሲሞቅ ወሎ ይጠማል» የምትል አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር፣ ማብራሪያ ምናምን ሳልጨምር። ያቺ ዐረፍተ ነገር የጥያቄ መዓት ይዛብኝ መጣች። ኢሜይሉም ቴሌግራሙም ሞልቷል፣ ስለዚህ የዚህን ወር አምድ እንዳለ ለባሕር ሰጥቼዋለሁ። ስም አላወጣሁም፣ ከየት እንደጻፋችሁ ብቻ ነው ያለው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ። አንዳንዱን ጥያቄ አሳጥሬዋለሁ ይቅርታ፣ በተለይ ባለ 4 ገጹን።

ከደሴ፣ የጂኦግራፊ መምህር፦
«ሰላም አዘጋጅ። እኔ ራሴ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ግን ያንተን ጽሑፍ ይዘው መጥተው አፋጠጡኝ። ፓሲፊክ እኮ የዓለም ሌላኛው ጫፍ ነው፣ እዛ ውሃ ስለሞቀ እዚህ ኩታበር ላይ ዝናብ ለምን ይቀራል? ኤልኒኖ ነው ብዬ ላልፍ ስል 'እሱ ራሱ ምንድነው' አሉኝና ተያዝኩ።»

መምህር፣ መያዝ ያለ ነው፣ እኔም በዚህ ጥያቄ ስንቴ ተይዣለሁ። ከፔሩ እንጀምረው። እዛ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ከጥንት የሚያውቁት ነገር ነበር፣ አንዳንድ ዓመት ለገና ሰሞን ቀዝቃዛው ባሕራቸው ይሞቅና ዓሣው ድራሹ ይጠፋል። ሰሞኑ ገና ስለሆነ «ኤልኒኖ» አሉት፣ በስፓኒሽ «ሕፃኑ» ማለት ነው፣ ሕፃኑን ኢየሱስ ለማለት ነው እንግዲህ። ለክፉ ነገር የወጣ ቆንጆ ስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደህናው ጊዜ ፓሲፊክ ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ከላይ ያለውን ሙቅ ውሃ እየገፋ ወስዶ ኢንዶኔዥያ በኩል ያከማቸዋል። ሙቅ ውሃ ያለበት ቦታ አየሩ ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ደመና ይሠራል፣ ይዘንባል። የተነሳ አየር ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ መውረዱ አይቀርም፣ የሚወርድበት አገር ላይ ደመና አይሠራም። ለተማሪዎቹ ይቺን ብቻ ይንገሯቸው፦ የሚነሳ አየር ዝናብ ነው፣ የሚወርድ አየር ደረቅ ነው። ኤልኒኖ ሲሆን ያ ነፋስ ይደክማል፣ የተከማቸው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ይንሸራተታል፣ ደመናውም ተከትሎት ይሄዳል፣ ከዛ በቃ የዓለም አየር በሙሉ ቦታ ይቀያየራል፣ ልክ ሠርግ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ዘግይቶ ሲገባ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚሸጋሸገው። በዛ ሽግሽግ ውስጥ ክረምት ላይ እኛ ጋ ይነሳ የነበረው አየር ይዳከማል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስም ጉልበት ያጣል። የሰሜኑና የመሃል አገሩ ክረምት ወይ ዘግይቶ ይገባል ወይ ቶሎ ይወጣል ወይ ደግሞ እህሉ ሲያሸት ቆም ይላል፣ ገበሬ በጣም የሚፈራው ይሄን የመጨረሻውን ነው።

ይሄን ገመድ መጀመሪያ ጫፉን የያዘው ጊልበርት ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው። ሕንድ ውስጥ ከባድ ረሃብ ካለፈ በኋላ በ1904 የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተላከ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚቀር አስቀድመህ ተንብይ ተብሎ። ሰውየው ከየዓለሙ ቁጥር ሰበሰበ፣ ከሰበሰባቸው ቁጥሮች አንዱ ምን መሰላችሁ፣ የናይል ሙላት! የናይል ሙላት ማለት ደግሞ በአብዛኛው የእኛ ክረምት ማለት ነው፣ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው የሚወርደው። እና በ1920ዎቹ ፓሲፊክና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የአየሩ ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ ጽፎ አሳተመ፣ ብዙ ሰው ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ምክንያቱን ማስረዳት አልቻለማ። በ1969 ያዕቆብ ብየርክነስ የሚባል ኖርዌያዊ ነው የዎከርን ሚዛንና የፔሩን ሙቅ ውሃ አንድ ነገር መሆናቸውን ያሳየው።

ብዙም ሳይቆይ 1972 መጣ። በዛ ዓመት ኤልኒኖ ፔሩ ላይ የዓሣ ምርቱ ወደቀ፣ ያኔ ፔሩ በዓሣ ከዓለም አንደኛ ነበረች። በዛው ሰሞን ወሎ ላይ ዝናቡ ቀረ፣ ለእኛ የ65ቱ ረሃብ የምንለው ነው። አንድ ባሕር ሞቆ የፔሩ ዓሣ አጥማጅና የወሎ ገበሬ እኩል ተመቱ፣ ተያይተው ሳይተዋወቁ። ሰዉን የጨረሰው ግን ኤልኒኖ ብቻ ነው ብዬ አልልም፣ እናንተ ደሴ ያላችሁት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ነገሩ ተደብቆ መቆየቱ ነው ብዙውን ያደረገው።

በቅርቡ ደግሞ የ2015ቱ አለ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ኖኣ ኤልኒኖ ገብቷል ብሎ ያወጀው በ2015 መጋቢት ላይ ነበር፣ የእኛ ክረምት ገና 3 ወር ሲቀረው። ክረምቱ ከሸፈ፣ ታኅሣሥ ላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ ተባለ። የ3 ወር ወሬ በእጅ ነበረ ለማለት ነው። በርግጥ ሁሉም ኤልኒኖ እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ ሲፎክር ከርሞ ክረምቱ ደህና ሆኖ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ተማሪዎቹ «ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው» ብለው እንዳይጽፉብዎት። ድርቅ የመምጣት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል ነው የሚባለው።

ከያቤሎ፣ ስሜ ይቅር ያለች፦
«አባቴ ከብት አርቢ ነበር፣ አሁን ከብት የለውም። ሬዲዮ ላይ ኤልኒኖ ድርቅ ያመጣል ሲሉ ይስቃል። እኛ ጋ ኤልኒኖ ሲባል ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ ከብቱ ያለቀው ደግሞ ኤልኒኖ በሌለ ጊዜ ነው ይላል። ማነው የተሳሳተው?»

እህቴ፣ አባትሽ ልክ ናቸው፣ ሬዲዮው ነው ግማሹን ብቻ የተናገረው። የአዲስ አበባ ሰው (እኔንም ጨምሮ) ዝናብ ሲል ክረምት ብቻ ነው የሚመስለው። ቦረና ግን ክረምት ዝናቡ አይደለም፣ «ገና» የምትሉት ዝናብ አላችሁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሀጋያ» አላችሁ በጥቅምትና ኅዳር፣ ሶማሌ ክልል ደግሞ ጉ እና ዴይር ይላቸዋል። ሀጋያን የሚያዘው በዋናነት የሕንድ ውቅያኖስ ነው።

እሱም የራሱ ሚዛን አለው። አንዳንድ ዓመት የእኛ በኩል፣ የሶማሊያና የኬንያ ዳርቻ ማለት ነው፣ ይሞቅና የኢንዶኔዥያ በኩል ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ሀጋያና ዴይር ያለ ልክ ይዘንባል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ይገለበጣል፣ ዝናቡ ወደ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ይሄድና እናንተ ትደርቃላችሁ። ሳይንቲስቶቹ ይሄን ስም አውጥተው በወጉ የጻፉት በ1999 ነው፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይሉታል፣ አባትሽ ግን በከብቶቻቸው ጀርባ ላይ ከዛ በፊት ያዩት ይመስለኛል። ኤልኒኖ ብዙ ጊዜ የእኛን በኩል የሚያሞቀውን ይጎትታል፣ ለዛ ነው ወሎ ሲደርቅ ቦረና ሊጥለቀለቅ የሚችለው። የኤልኒኖ ተቃራኒ ላኒና ሲመጣ ደግሞ ክረምቱ ይደላል፣ ቆላው ግን ያልቃል።

ከ2020 እስከ 2023 መጀመሪያ ላኒና 3 ዓመት ተከታትሎ መጣ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚህ አያደርግም። አምስት ዝናብ በተከታታይ ከሸፈ፣ ሀጋያ፣ ገና፣ ሀጋያ፣ ገና፣ ሀጋያ እያለ፣ በ40 ዓመት ያልታየ ድርቅ ተባለ፣ ቦረናና ሶማሌ ክልል ላይ ከብት በሚሊዮን ነው የሞተው። የአባትሽም ከብት ያኔ ያለቀ ይመስለኛል፣ እግዜር ይተካላቸው። ከዛ በ2023 መጨረሻ ኤልኒኖውም ዳይፖሉም አንድ ላይ መጡና ጎርፍ ሆነ፣ ደርቆ የነበረ መሬት ውሃ ሳይጠጣ በላዩ ላይ ሮጠበት።

የ2019ኙን ደግሞ ታስታውሺዋለሽ፣ ዳይፖሉ ከተመዘገቡት ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ የነበረበት ዓመት ነው፣ እኛ ጋ ጎርፍ፣ አውስትራሊያ ላይ የጫካ እሳት። አንበጣው ራሱ የባሕር ልጅ ነው ብል ታምኚኛለሽ? በ2018 ግንቦት ሜኩኑ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ሉባን የሚባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከአረብ ባሕር ተነስተው የሳውዲና የኦማን በረሃ ላይ ዘነቡ፣ ሩብ አልኻሊ የሚባለው ሰው የማይኖርበት አሸዋ ላይ ሐይቅ ሠሩ፣ አሸዋው በቀለ፣ አንበጣው ማንም ሳያየው 3 ትውልድ ተራባ። በማግስቱ ዓመት በየመን አድርጎ ተሻገረ፣ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ያላየችው መንጋ ነበር። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ለእንደዚህ ዓይነት አውሎ ነፋስ ማገዶ እየተጨመረለት ነው።

ከጂዳ፣ የቤት ሠራተኛ፦
«ወንድሜ፣ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሪያድ ሳለሁ ሙቀቱ እሳት ነበር ግን ደረቅ ነው፣ ማታ ይሻል ነበር። ጂዳ ግን ማታም ያው ነው፣ ላቡ አይደርቅም፣ ያሰጣሁት ልብስ እንኳ እርጥብ ነው ሚያድረው። ባሕር ያቀዘቅዛል ሲባል አልነበር እንዴ?»

ያቀዘቅዛልም፣ ያሞቃልም እህቴ፣ ነገሩ ባሕር ቶሎ አይቆጣም ቶሎም አይታረቅም። ውሃ ሙቀት ሲቀበል ሆደ ሰፊ ነው፣ አንድ ኪሎ ውሃ ለማሞቅ አንድ ኪሎ አየር ከሚፈልገው 4 እጥፍ ገደማ ይፈልጋል፣ አንዴ ከያዘው ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ሪያድ ስር አሸዋና ድንጋይ ነው፣ ቀን ነድዶ ማታ ይለቀዋል። ጂዳ አጠገብ ቀይ ባሕር አለ፣ በጋውን ሙሉ ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት ማታ ማታ ይተፋዋል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ያለማቋረጥ ይተናል። አየሩ በእንፋሎት ከሞላ ያንቺ ላብ የሚተንበት ቦታ ያጣል፣ ላብ ካልተነነ ደግሞ ገላ አይቀዘቅዝም፣ ልብሱም በዛው ምክንያት አይደርቅም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ላይ ጂዳ ከሪያድ ዝቅ ብሎ ቢታይም ሰውነትሽ የሚናገረው ነው እውነቱ። ቀን ከቤት ውጭ ሥራ ካለሽ ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ ማዞር ወይ ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ቁጭ በይ፣ ማንም ምን ይበል።

ይሄ ሆደ ሰፊነት ዓለምን በሙሉ ነው የሚመለከተው። የሰው ልጅ በጋዝ ምክንያት ምድር ላይ ከጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። የውቅያኖሱ የላይኛው 3 ሜትር ብቻውን የዓለም አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል፣ ጥልቀቱ ደግሞ በአማካይ ወደ 3,700 ሜትር ነው። ባሕሩ ባይኖር እስካሁን ተቀቅለን ነበር። ግን የሞቀ አየር እርጥበት የመሸከም አቅሙ በእያንዳንዱ ዲግሪ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ እንደ ጂዳ፣ ምጽዋ፣ ጅቡቲ ያሉ ከተሞች ለሊታቸው እየከበደ የሚሄደው ለዚህም ነው።

ከአምቦ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
«ባሕሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይውጣል ብሎ ኬሚስትሪ ቲቸር ነገረን። ታዲያ ከዋጠልን ምን ችግር አለው? ይዋጠው!»

አንተ ልጅ፣ መልሱ እኮ ከተማህ ውስጥ በጠርሙስ ይሸጣል! አምቦ ውሃ ምላስህን ቆንጠጥ የሚያደርገው ለምንድነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ስለሚሆን ነው። ከጭስ ማውጫና ከመኪና ከምንለቀው ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል፣ በጣም ቀስ እያለ ወደ አምቦነት እየሄደ ነው በለው። የባሕሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከፋብሪካው ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር አሁን 8.1 ነው። ትንሽ ትመስላለች አይደል፣ ግን ፒኤች በሎጋሪዝም ነው የሚቆጠረው (ቲቸርህን ጠይቀው)፣ አሲድ የሚያደርገው ሃይድሮጅን አዮን ወደ 30 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ባሕሩ አሲድ ሆነ ማለት አይደለም፣ 8.1 አሁንም ከ7 በላይ ነው፣ አሲድ የሚባለው ከ7 በታች ያለው ነው፣ ግን አቅጣጫው ወደዛ ነው።

የሚጎዳው ማነው? ቤቱን ከኖራ የሚሠራ ሁሉ። ዛጎል፣ ኮራል (ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ ያለ ቤት የሚሠራ ፍጥረት)፣ ኦይስተር (ሰው የሚበላው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ)፣ ዓይን የማያያቸው ትንንሽ ፍጥረቶች። እቤት እንቁላል ካለ እናትህን አስፈቅደህ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ ቅርፊቱ የሚሠራው ከዛው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ጠዋት ምን እንደሆነ ታያለህ። አቼቶ ከባሕር እጅግ ይበረታል ያው፣ ግን በ2000ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኦሪጎንና ዋሽንግተን ላይ የኦይስተር ጫጩት የሚያረቡ ሰዎች ጫጩቶቹ ዛጎል መሥራት አቅቷቸው በገፍ አልቀውባቸዋል፣ ሲጣራ ውሃው ነው።

ሌላው ነገር፣ ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ስትከፍት ምን ይሆናል? ፏ ብሎ ጋዙ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው ግን ይዞ ይቆያል። ባሕሩም እንደዛው፣ በሞቀ ቁጥር ካርቦኑን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «ይዋጠው» ያልከው እስከ መቼ እንደሚውጥልን ነው ጉዳዩ።

ከስቶክሆልም፣ የ2 ልጆች አባት፦
«ልጄ ትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ 'ጎልፍ ስትሪም ይቆማል፣ ስዊድን በረዶ ትሆናለች፣ አዲስ አበባ እንግባ' አለችኝ። መግባቱን ባልጠላም እውነት ነው ወይ?»

ሳቅ አስመጣኸኝ፣ ለመግባት ሰበብ ካገኘህማ እኔ ማን ነኝ። ግን ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውባታል። ጎልፍ ስትሪም የሚባለው፣ ከአሜሪካ ዳርቻ ሙቅ ውሃ ይዞ ወደ አውሮፓ የሚሄደው የባሕር ጅረት፣ በነፋስና በምድር መሽከርከር ነው የሚነዳው፣ ነፋስ እስካለ እሱ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ሳይንቲስቶች የሚፈሩለት ከሱ ጋር የተያያዘውን ትልቁን የአትላንቲክ ዑደት ነው፣ ሙቁ ውሃ በላይ በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ግሪንላንድ አካባቢ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጨዋማ ስለሆነም ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ከዛ በታች በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል።

ትልቅነቱን በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ብዬ ብነግርህ ምንም አይገባህም፣ እኔም አልገባኝም ነበር፣ ስለዚህ በዓባይ ሰፈርኩት። ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ከኢትዮጵያ ይዞት የሚወጣው ውሃ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ ያንን ይሄ ዑደት ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳልፈዋል። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ይይዛል፣ ስንት ዓመት ፈጅቶ የሞላውን እሱ በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሞልቶት ይሄዳል። ማስያውን 3 ጊዜ ደጋግሜ ነክቼዋለሁ፣ ተሳስቼ መስሎኝ።

አሁን ሥጋቱ ምንድነው፣ የግሪንላንድ በረዶ ሲቀልጥ ጨው የሌለው ውሃ ላዩ ላይ ይጨመራል፣ ጨው ያልያዘ ውሃ ደግሞ ይቀላልና አይሰምጥም፣ መስመጡ ከደከመ ዑደቱ ይደክማል። ከ2004 ጀምሮ ከፍሎሪዳ በኩል እስከ አፍሪካ ዳርቻ መሣሪያ ተዘርግቶ እየተለካ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2021 ያለው፣ በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ በጣም የማይቀር ይመስላል፣ ከ2100 በፊት ድንገት ቀጥ ይላል የሚለው ግን አይመስለንም፣ በዚህኛው ላይ መተማመናችን መካከለኛ ነው ነበር። ከዛ ወዲህ «ኧረ አደጋው ከዛ ይበልጣል» የሚሉ ተመራማሪዎች በዝተዋል፣ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔን ከጠየቅከኝ መካከለኛ የሚለውን ቃል ለብቻው ማንበብ ያስፈልጋል።

ለልጅህ የምትነግራት ግን ሌላ ነው፦ አዲስ አበባ መግባት አያስመልጥም! ያ ዑደት ሲደክም የሐሩር አካባቢ የዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ ይንሸራተታል፣ እኛን ትቶን ማለት ነው። ምስክሩ ጣና ነው። ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጣና ሐይቅ ደርቆ ነበር፣ ከሐይቁ ሥር በተወሰደው ደለል ነው የታወቀው። ጊዜው ደግሞ የሰሜን አትላንቲክ በበረዶ ተራራ ተሞልቶ ዑደቱ ተዳክሞ ከነበረበት ዘመን ጋር ይገጣጠማል። ግሪንላንድና ባሕር ዳር በአንድ ውሃ ተሳስረዋል እኮ፣ እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ ብዬ ነበር።

ከጋላፊ መስመር፣ የከባድ መኪና ሾፌር፦
«ጅቡቲ ወደቡ ሊሰምጥ ነው ይላሉ ልጆቹ። እኔ ብድር ከፍዬ አልጨረስኩም።»

ወንድሜ ብድርህን ትጨርሳለህ፣ አይዞህ። ባሕሩ ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ነው የጨመረው፣ አሁን ግን ፍጥነቱ ጨምሮ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ደርሷል። ከመጨመሩ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውሃው ስለሞቀ ብቻ ስለሚለጠጥ ነው፣ ራዲያተርህ ሲግል ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው እንደሚገፋው፣ የቀረው የብስ ላይ ካለው በረዶ ነው። ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ቢቀልጥ ከፍታውን ያን ያህል አይጨምረውም፣ ብርጭቆህ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ ውሃው አይፈስም አይደል። ወደብ የሚጎዳው ቀስ ብሎ በሚጨምረው ሳይሆን ማዕበል ባለበት ቀን ነው፣ ያቺ 20 ሳንቲ ሜትር የማዕበሉ እግር ስር በርጩማ ትሆነዋለች። ከንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ በዛ በር ስለሚገባ ጉዳዩ የጅቡቲ ብቻ አይደለም፣ አንተ ግን ለጊዜው ፍሬንህን ነው ምታስበው።

ከአዲስ አበባ፣ ጡረተኛ፦
«ድርቅ ድሮም ነበር። በምኒልክ ጊዜ ክፉ ቀን ሆኖ የለም ወይ? ያኔ የማን መኪና ነበር? ደግሞስ ማነው ባሕር ውስጥ ቴርሞሜትር ይዞ የገባው?»

ጋሼ፣ የመጀመሪያው እውነት ነው። ክፉ ቀን ላይ የከብት በሽታውም አንበጣውም ድርቁም ተደራርቦ ነው፣ በ1888 ደግሞ (በእኛ 1880 እና 81) ፓሲፊክ ላይ ኤልኒኖ ነበረ። ኤልኒኖ የመኪና ልጅ ነው ያለ የለም፣ ጥንትም የነበረ ነው። አሁን የተለወጠው፣ ያው ድርቅ የሚመጣው በሞቀ መሬት ላይ መሆኑ ነው፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፣ የቀረችውም ውሃ ትተናለች። ቴርሞሜትር ይዞ የገባውስ ሮቦት ነው። አርጎ ይባላል፣ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰው ቁመት የሚያህሉ ቱቦዎች በዓለም ባሕር ሁሉ ተበትነዋል፣ እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ ሙቀቱንና ጨዉን እየለካ ይወጣና በሳተላይት ይልካል። ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። እኔም አንድ ቀን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ከአዳማ፣ እናት፦
«የ8 ዓመት ልጄ 'ዝናብ ከባሕር ከመጣ ለምን ጨው ጨው አይልም' ብሎ ጠየቀኝ። አባቱን ጠይቅ አልኩት፣ አባቱ ደግሞ አንተን ጠይቅ አለው።»

እሺ፣ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ መጣ። ልጅሽ ምርጥ ነው የጠየቀው። ውሃ ሲተን ጨውን ጥሎት ነው የሚነሳው፣ ብቻውን ይበራል። አረቄ ሲወጣ ድፍድፉ እንስራው ውስጥ ቀርቶ እንፋሎቱ ብቻ በቱቦው እንደሚያልፈው (ይሄን ለልጁ አትንገሪው)። የሕንድ ውቅያኖስም ቀይ ባሕርም በኮንጎ ጫካ አድርጎ የሚመጣው የአትላንቲክ እርጥበትም ጨዋቸውን እዛው ትተው ነው አዳማ የሚደርሱት።

ጨው ሲቀር ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለገ ደግሞ አፋር አለለት። ዳናኪል ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፣ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀይ ባሕር እዛ ድረስ ይገባ ነበር፣ ኮራሉ ድንጋይ ሆኖ አሁንም ዳር ዳሩን ይታያል። መሬቱ ተነስቶ በሩን ዘጋበት፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ፣ ደጋግሞ እንደዛ ሲሆን ኖሮ የጨዉ ውፍረት አንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አባቶቻችን ገንዘብ አድርገው የተገበያዩበት አሞሌ የዛ ባሕር ቁራጭ ነው። ውሃው ግን ወጥቶ ሄዷል፣ የት ዘንቦ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ዛሬ ማታ ድስት ላይ ጨው ያለው ውሃ አፍልተሽ ክዳኑን ክደኚው። ክዳኑ ሲያልበው አንሺው፣ ይቀዝቅዝና ጠብታውን በጣቱ ይቅመሰው፣ ከዛ ከድስቱ አንድ ማንኪያ አቀዝቅዘሽ ስጪው። አባቱም ይቅመስ።